ከጎንሽ ማን አለ

እትዬ ወለተ ሐዋርያት እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም ነበር። ደብረ ኤልያስ የቄስ ልጅ ሆነው ስላደጉ ዳዊት ይደግማሉ፣ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ነው፤ ስልክ ግን ከማንሳትና ከመዝጋት ሌላ አይነኩም። እንዲህም ሆኖ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በደብረ ማርቆስ ከተማ እንደሳቸው ከፈረንጅ ጋር የተጻጻፈ ሰው ያለ አይመስለኝም። እጃቸው እኔ ነበርኩ።

እኔ ሳራ እባላለሁ፤ የአዳማ ልጅ ነኝ። የእንግሊዝኛ መምህርት ሆኜ ደብረ ማርቆስ ስመደብ ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ካለው ግቢያቸው ውስጥ አንዲት የጓሮ ክፍል ተከራየሁ። እትዬ ያኔ ስድሳን አልፈዋል። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት ያሉት ሦስት ክፍሎች ከሩቅ በሚመጡ ደቀ መዛሙርትና መንገደኞች ይሞሉ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ የሚመጣ ጠፋ። እትዬ ግን በየቀኑ ጠዋት ሦስቱንም ክፍል ይጠርጋሉ። አንድ ቀን «ማንም ያላደረበትን ክፍል ስጠርግ መጥረጊያው ራሱ ይታዘበኛል» አሉኝና አንጀቴን በሉት።

እኔ ደግሞ ነገር አይቶ መታገሥ አይሆንልኝም። አልጋ ገዛን፣ ሙቅ ውሃ አስገባን፣ ፎቶ አነሳሁና እንግዶች ክፍል በሚያስይዙበት ድረ ገጽ ላይ ቤቱን አወጣሁት። መተግበሪያውን በስልኬ ላይ ጫንኩ። በሳምንቱ የመጀመሪያው ጠያቂ ጻፈ፤ ለሁለት ሌሊት ክፍል አለ ወይ፣ ሙቅ ውሃስ አለ ወይ ይላል። አነበብኩላቸው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉ። «በይ ጻፊ» አሉኝ። «እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቤተሰብህ እንዴት ነው? እናት አባትህ በሕይወት አሉልህ? አገርህ ዝናቡ እንዴት ይዞታል? እኛ ዘንድ ዘንድሮ ጤፉ አምሯል…» ንግግራቸው ይቀጥላል። እኔ «ሰላም። አዎ፣ ክፍል አለ። ሙቅ ውሃም አለ» ብዬ ጽፌ ላክሁት።

ለካ ዓይናቸው ጣቴ ላይ ነበር። «ያን ሁሉ ተናግሬ ጣትሽ ሁለቴ ዱብ ዱብ ብሎ አለቀ» አሉኝ። «የቀረውን ምን አደረግሽው? በላሽው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ እውነቱን ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። ቤቱ የሳቸው መሆኑን፣ እንግዳውም የሳቸው መሆኑን፣ ሰላምታቸውን ቆርጦ የሚያስቀር ጸሐፊ እንደማይፈልጉ በእርጋታ አስረዱኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚሉትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር መተርጎም ጀመርኩ። በልቤ ግን ፈረንጅ ይሄን አንብቦ ይሸሻል እል ነበር። አንድም የሸሸ የለም። እናቱ በሕይወት እንዳለች የተጠየቀው ሰውዬ ስለ እናቱ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ቀጠሮ የሰረዙ እንኳ «እግዜር በያላችሁበት ይጠብቃችሁ» የሚል መልስ ከኛ ስለሚደርሳቸው አፍረው ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። መተግበሪያው በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁ ብሎ ሲያስፈራራ እትዬ ደስ ይላቸዋል። ሰላምታ ሳይመልሱ ማደር ነውር መሆኑን የሚያውቅ ማሽን መኖሩ ገርሟቸው ነበር።

በ2007 መስከረም ላይ ሩት ጻፈችልን። የምትኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ክፍሉን የምትጠይቀው ለራሷ ሳይሆን ለአባቷ ነበር። አባቷ ፒተር ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ በጃንሆይ ዘመን ወጣት ሳሉ ደብረ ማርቆስ ሦስት ዓመት አስተምረዋል፤ አሁን ልባቸው ታማሚ ነው፤ አገሩን አንዴ ሳላይ አልሞትም ብለው አስቸግረዋታል። በሩ ላይ ደረጃ አለ ወይ? መታጠቢያው ላይ ቢደክማቸው የሚቀመጡበት ነገር ይገኛል? ሐኪም ቤቱ ምን ያህል ይርቃል?

ደረጃ ነበር፤ ሁለት። እትዬ በነጋታው ግንበኛ ጠርተው አስፈረሱትና ሰው ቀስ ብሎ የሚወጣበት ተዳፋት አስደረጉት። ፎቶውን ላክሁላት። ሩት ማመን አቃታት። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል ስትጽፍና ስንጽፍ ከረምን። እትዬ ስሟን ይወዱታል፤ አማቷን ትታ ያልሄደችው ሩት ናት እያሉ ያወሩላታል። እኔም እጽፋለሁ።

ከመምጣታቸው ሳምንት በፊት አንድ ረዘም ያለ ደብዳቤ ላከች። አባቷ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው የሚሏት። ባለፈው ዓመት ሆስፒታል ተኝተው የነገሯት እንኳ ከወጡ በኋላ ነው። «አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ» ትላለች። «እዚያ ሳለ የሚሆነውን እውነቱን ይንገሩኝ። እሱ ይደብቀኛል። እርስዎ እንዳይደብቁኝ።»

እትዬ «የመሪጌታ አጥንት ይውጋኝ ብደብቃት በያት» አሉ። በሞተው ባሌ እምላለሁ ብዬ ተረጎምኩት።

ሚስተር ፒተር ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን መጡ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከመኪናው ወርደው ለእትዬ «እንደምን ዋልሽ» ሲሏቸው ግቢው በሳቅ ሞላ። የሃምሳ ዓመት አማርኛቸው ሲመለስ «አንቺ» እንጂ «እርስዎ» አብሮት አልመጣም። እትዬ ከመሪጌታ ወዲህ አንቺ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ቀይ ሆኑ ብል ማንም አያምነኝም። ሰውዬው በባጃጅ እየዞሩ የድሮ ትምህርት ቤታቸውን አዩ። አንድ ቀን ቁይ ድረስ ሄደው አንሙት የሚባል ተማሪያቸውን አገኙ፤ እሱም የልጅ ልጅ ያየ ሰው ሆኗል፤ ጉልበታቸውን ሊስም ቢያጎነብስ ሁለቱም ተያይዘው ሊወድቁ ነበር አሉ።

በየቀኑ አመሻሽ ላይ ለሩት ሪፖርት ይሄዳል። እትዬ ቃላቸውን ጠበቁ። «ዛሬ አንድ እንጀራ ጨርሷል። ትናንት እንቅልፍ አልወሰደውም። ዛሬ አቀበቱ ላይ ሁለቴ ቆሟል፤ ከንፈሩ ጠቆር ብሎብኛል፤ ቁጭ አድርጌ ውሃ አጠጣሁት።» ሩት ታመሰግናለች። በሕይወቷ ስለ አባቷ እንዲህ እውነት ተነግሯት እንደማያውቅ ጻፈች።

በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ ሚስተር ፒተር እንደልማዳቸው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ የመድኃኒታቸውን ውሃ ይዘው ሄዱ። ጠሯቸው። ባርኔጣውን አነሱት። ከዚያ የጠሩት እኔን ነበር፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም።

ሐኪም መጣ፤ ልባቸው ነው፣ በእንቅልፋቸው ሄደዋል አለ። ፖሊስ መጣ፤ ጻፈ፤ ለኤምባሲው በአዲስ አበባ በኩል ሰኞ ይገለጻል አለ። ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ወንበሩ ግቢው መሐል ቀረ፤ ለማንሳት የደፈረ አልነበረም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኬ ጮኸ። ሩት ናት። «አባቴ ስልኩን አያነሳም። ደህና ነው?»

አነበብኩላቸው። እትዬ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። «ብቻዋን መሆን አለመሆኗን ጠይቂያት» አሉኝ። «ከጎንሽ ማን አለ በያት።»

ጻፍኩ። መልሱ ወዲያው መጣ። «ማንም የለም። ብቻዬን ነው የምኖረው። ምን ሆነ?»

«አየሽ» አሉ እትዬ። «ብቻዋን ናት።»

«እትዬ፣ ቃል ገብተውላታል።»

«ገብቻለሁ። እነግራታለሁም። ባዶ ቤት ውስጥ በተቀመጠችበት ግን መርዶ አልልክባትም። ራሷን ብትስት ማን ያነሳታል? ማን ውሃ ይረጭባታል? እኔን እናቴ ስትሞት ሦስት ቀን ደብቀውኛል። አሟታል ብለው ደብረ ኤልያስ ድረስ ወሰዱኝ፤ አብልተው አሳደሩኝ፤ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ነገረኝ። ስወድቅ የያዘኝ እጅ ስንት ነበር መሰለሽ። ዋሻችሁኝ ብዬ አንድም ቀን አላዘንኩባቸውም።»

«ሩት ግን የዚህ አገር ሰው አይደለችም።»

«አባት የሞተበት ሰው አገሩ የት ነው?» አሉኝ። «ጻፊ። አሞታል፣ ሐኪም ቤት ነው፣ ነይ በያት።»

እዚህ ላይ ስለራሴ ልናገር። ስልኩ በእጄ ነበር። ቋንቋውም በእጄ ነበር። ሰላምታቸውን ያለፈቃዳቸው የቆረጥኩ ሴት፣ ያን ቀን አንድ አረፍተ ነገር መለወጥ አያቅተኝም ነበር። እትዬ የጻፍኩትን ማንበብ አይችሉም። እኔ ግን እውነቱን ለመጻፍ ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም ታዛዥነት ብዬ ጠራሁትና ቃል በቃል ጻፍኩ። አሞታል። ሆስፒታል ነው። ነዪ።

ሩት የቅዳሜ ማታ አውሮፕላን አገኘች። ቅዳሜ ጠዋት ሌላ መልእክት ላከች። ይሄኛው ለአባቷ ነበር፤ ጆሮው ላይ አንብቡልኝ ብላ።

አንብቤ ስጨርስ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። እትዬ ተከተሉኝ። ምን እንደሚል ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ለበሱና «እንሂድ» አሉ። በባጃጅ ሆስፒታል ሄድን። የሬሳ ክፍሉ ጠባቂ እትዬን ያውቃቸዋል፤ ከፈተልን። በነጭ ጨርቅ የተሸፈኑት ሚስተር ፒተር አጠገብ ቆሜ በእንግሊዝኛ አነበብኩ።

«አባዬ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሳልሸኝህ ቀረሁ። ተቆጥቼብህ ነበር። የተቆጣሁት ስለፈራሁ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ። ነገ እደርሳለሁ። እባክህ ጠብቀኝ።»

እትዬ ቋንቋው አልገባቸውም፤ ግን እስክጨርስ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ስንወጣ ስልኬ ጮኸ። «አነበባችሁለት? ምን አለ?»

እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆሙ። «ነፍስ እስከ ሠልስት ድረስ ከዚህ አትርቅም» አሉ። «ሰምቷል። ይሄ ውሸት አይደለም። ዝም ብሎ ሰማሽ በያት።» እንዳሉት ጻፍኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የላክንላት መኪና በር ላይ ቆመ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የማርቆስ ካህናት፣ የዕድር ሰዎች፣ ጎረቤት በሙሉ፣ ከቁይ የመጣው አንሙት ሳይቀር ተሰብስቧል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የዚህ አገር ሰው ቢሆን ከበሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ያውቅ ነበር። ሩት አላወቀችም። አጭር፣ ፊቷ በመንገድ የገረጣ ሴት ናት፤ በእጇ የአባቷን የሱፍ ካልሲ ይዛለች። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ሊቀበላት የወጣ መስሏት ፈገግ አለች። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ መርሳት አልቻልኩም።

«አሁኑኑ ሆስፒታል ልሂድ» አለችኝ። እትዬ እጇን ይዘው መጀመሪያ እህል ትቅመስ አሉ፤ ባዶ ሆድ መርዶ አይሰማም። ሩት እንዳታስቀይማቸው ብላ የቀረበላትን ሾርባ በጥድፊያ ጠጣች፤ «ስለ እሱ በየቀኑ ስለጻፉልኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም» አለቻቸው። ተረጎምኩ። እትዬ ዓይናቸውን አዞሩ። ከዚያ አንድ አረጋዊ ካህን ተነሥተው፣ እኔ እየተረጎምኩ፣ ነገሯት። ሰዉ በአንድ ጊዜ አለቀሰ። ሁለት ሴቶች ትወድቃለች ብለው በግራና በቀኝ ያዟት።

አልወደቀችም። ለቅሶው እስኪበርድ ጠበቀች። «መቼ?» አለችኝ።

«ዓርብ።»

«ዓርብ ስንት ሰዓት?»

«ዘጠኝ… ከምሳ በኋላ።»

በጣቷ ስትቆጥር አየኋት። «ቅዳሜ ሰማ ብላችሁኛል» አለች። ከዚያ ወደ እትዬ ዞራ በዝግታ ተናገረች። «አውሮፕላኑ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይቅር ብሎኛል እያልኩ ነው የመጣሁት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመንኩዎት።»

ይሄንንም ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሩት ብቻዋን መሆን እንደምትፈልግ ነገረችን፤ ግቢው ሙሉ ሰው ባለበት ይሄን ማንም ሊረዳላት አልቻለም፤ በር ስትዘጋ ሴቶቹ በሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱላት። በሦስተኛው ቀን ሬሳውን ይዛ ሄደች። እትዬን አልተሰናበተቻቸውም።

በሳምንቱ መተግበሪያው መልእክት ላከ። እትዬ ምን ይላል አሉኝ። «እንግዳችሁ ፒተር እንዴት ነበሩ? ድጋሚ ትቀበሏቸዋላችሁ? ነው የሚለው» አልኳቸው።

«እንዴታ በይው» አሉ፤ ሲያለቅሱ ውለው ነበር።

ከወር በኋላ ሩት በቤቱ ገጽ ላይ አስተያየት ጻፈች። አነበብኩላቸው። «ቤቱ ንጹሕ ነው። ደረጃ የለውም።»

እትዬ ስልኩን አዩ። «መስመሩ ሦስት ነው» አሉኝ። «ሁለቱን ነው ያነበብሽልኝ።»

ሦስተኛውን አነበብኩ። «የሚነግሯችሁን ግን አትመኑ።»

«እውነቷን ነው» ብለው ገቡ።

አስተያየቱን ያየ እንግዳ ሁሉ አልቀረም፤ ግን እትዬ ንግግራቸውን ቀነሱ። መጻፍ ሲኖር ያጽፉኛል፤ ስለ እናት አባት መጠየቅ ግን ተዉ። የእንግዳውን ሁሉ ፍቅር ያተረፈላቸውን ያን ረጅም ሰላምታ እኔ ሳልቆርጠው እሳቸው ቆረጡት። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ብቻ ለሚስተር ፒተር ሙት ዓመት ነዳያን ያበሉና ለሩት ያስጽፉኛል። «አባትሽን ዘክረነዋል። ቃሌን አፍርሻለሁ። ስለ መሪጌታ አጥንት ብለሽ ማሪኝ።» መልስ አይመጣም። ለሦስት ዓመት ጻፍን፤ ለሦስት ዓመት አልመጣም። እትዬ በየሳምንቱ «ጻፈች?» ይሉኛል። አልጻፈችም እላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ዋሽቼአቸው አላውቅም።

በ2010 ሥራዬ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ኅዳር 2011፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ጎረቤታቸው ወለተ ሚካኤል ደወለችልኝ። «እትዬን ትንሽ አሟቸዋል» አለች። «መጥተሽ ብታያቸው።» ከዚያ ቆም ብላ «አሁን ከማን ጋር ነሽ?» አለችኝ።

ያኔ አወቅሁ። ቢሆንም አልጠየቅኳትም። ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ስልኬን አጠፋሁት። ዓባይን እስክንሻገር ድረስ፣ አቀበቱን እስክንወጣ ድረስ እትዬ ታመው ብቻ ነበሩ፤ ምን ገዝቼ ልግባላቸው እያልኩ ሳስብ ነበር። ሰዉ መርዶውን ደብቆ በዚያች መንገድ ላይ ሊሰጠኝ የፈለገውን ጊዜ ወደድኩት። ሩት ደግሞ እንዴት እንደጠላችው ያን ቀን በደንብ ገባኝ። ሁለቱም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ መቀመጥ ይችላሉ።

ሰዉ ቀብሩን አቆይቶ እኔን ጠብቆ ነበር። ደርሼ ነው የቀበርናቸው።

በሠልስቱ ማለዳ ተዳፋቱ ላይ ተቀምጬ መተግበሪያውን ከፈትኩ። ለሩት የሚያጽፈኝ ሰው ስላልነበረ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ጻፍኩ። «ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ረቡዕ ንጋት ላይ ዐረፉ። እሳቸው የነገሩኝን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መለወጥ እችል ነበር፤ አልለወጥኩም። እስከ መጨረሻው ጻፈች ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር።» ላክሁት። መልስ አልጠበቅኩም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ። አራት ዓመት ሊሞላ ምንም ያልጻፈችው ሩት አንድ መስመር ጽፋለች።

«ብቻሽን ነሽ? ከጎንሽ ማን አለ?»

ቀና ብዬ አየሁ። ድንኳኑ ሰው ሞልቶታል፤ ወለተ ሚካኤል ከበሩ ላይ ሆና ነዪ ግቢ ትለኛለች። ብዙ ሰው አለ ብዬ ጻፍኩላት። ከዚያ ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።